የድሮ ላንድሮቨር፣ ሦስት ጌጅና ያልተበሳ ዳሽቦርድ

ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ ላንድሮቨር የሚነዳ ሰው ምክር አያጣም። ግማሹ «ሽጣትና ተገላገል» ይላል። ግማሹ «ጌጅ አስገባላት» ይላል፤ የሞተሩን ሁኔታ በቀስት የሚያሳይ ክብ መለኪያ ማለቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን አልሰማኋቸውም። የሁለተኛዎቹን ሰምቼ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ባለ ሦስት ጌጅ ስብስብ አስመጣሁ። መያዣ ሣጥኑን እዚሁ ጠባሴ አካባቢ አሠራሁ። በጋም ክረምትም ነድቼበታለሁና ስለ ዕቃውም ስለ ሠሪውም የምለው አለኝ።

ለቸኮለ ሰው ውጤቱን አስቀድሜ ልናገር። ሣጥኑ ገንዘቡን ያወጣል። ከሦስቱ ጌጆች ሁለቱ ጎበዝ ናቸው፣ ሦስተኛው ሰነፍ ነው። መብራታቸው ያናድዳል። ዳሽቦርዱ ላይ ግን አንድም አዲስ ቀዳዳ የለም።

መኪናዋ ሲሪስ 3 ናት፣ ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን። ፋብሪካው ይህን ሞዴል ያወጣው እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ነው። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ ሲያስወግዳት ገዛት። አሁን እኔ የድንች ዘርና ገብስ እጭንባታለሁ። አንኮበር እሄዳለሁ፣ መንዝ እወጣለሁ፣ አንዳንዴም ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። መውረዱ ቀላል ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጣርማበር ዋሻ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ያንን ዳገት ጭነት ይዞ የወጣ ሰው ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ ልቡ ራዲያተሩ ላይ ነው።

የዚህች መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ብዙም አያወራም። ሁለት ክብ ነገር አለው። አንዱ ፍጥነት ይነግራል። ሌላው ነዳጅና ሙቀት ይዟል። ሙቀቱ ቁጥር የለውም፣ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ የሚሄድ ቀስት ብቻ ነው። ለዘይት ጌጅ የለም፣ አምፖል ነው ያለው። አምፖሉ የሚበራው ግፊቱ ወደ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲወርድ ነው። የዚህ ሞተር ማኑዋል ግን ሞቆ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ሲሄድ ከ35 እስከ 65 ይጠብቃል። እንግዲህ ከ35 እስከ 10 ድረስ ሞተሩ እየታመመ አምፖሉ ዝም ይላል። ሲበራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀረው መርዶ መንገር ነው።

ሌላም አለ። የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ ሁለቱም ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ከኋላ ተደብቆ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 10 ያወርድላቸዋል። እሱ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይዋሻሉ። ነዳጅ ሳትቀዱ የነዳጁ ቀስት ከፍ ካለና ሙቀቱም አብሮት ከወጣ፣ ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት እሱን እዩ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያስደነግጠው ግን ብዙ ነው።

አሁን ወደ መበሳቱ ልምጣ። የሲሪስ 3 ዳሽቦርድ ከላይ ፕላስቲክና ለስላሳ ሽፋን ነው። የደጋ ፀሐይ ለዓመታት አድርቆታል፣ ጥፍር ሲነካው ይሰነጠቃል። እሱን የመሰለ ሌላ ፈልጋችሁ አታገኙም፣ ብታገኙም ከሌላ የተሰነጠቀ መኪና የተፈታ ነው። ጌጅ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ነገ ይሞታል፣ ወይም ሌላ ያምራችኋል። ስታወጡት 52 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ይቀራል። መናኸሪያ አካባቢ የቆሙትን ዞር ብላችሁ እዩ። በቀዳዳው ጨርቅ የወተፈ አለ፣ ናስትሮ የለጠፈበት አለ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ይህን አልገባውም። ስሙን ተዉት። ልጁ ትራፓኑን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ሦስቱንም ደርድሬ ልብሳልህ» አለኝ። የት ጋ እንደሚበሳ እንኳን አልለካም። «አንተ ልጅ፣ ትራፓንህን ወደዚያ አርገው» ብዬ ቁልፌን ይዤ ወጣሁ።

ሁለተኛው የጠባሴው ነው። ቤቱ የመኪና ኤሌክትሪክም ቀላል የላሜራ ሥራም ይሠራል። ባለቤቱ ወጣት ነው፣ ብዙ አያወራም። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። መሪውን ያዘ። ከዚያ «መሀል ላይ ሰው ትጭናለህ ወይ ጋሼ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ሥራውን እንደሚያውቅ ገባኝ። ላንድሮቨር ፊት ለፊት ሦስት ሰው ይይዛል፣ በአንኮበር መንገድ ደግሞ የመሀሉ ቦታ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱ ከማርሹ ጋር ይጣላል። በዚያ ላይ ባለ ቢጫ እጀታው የፊት ጎማ ማስገቢያና ቀዩ የከባድ ማርሽ ዘንግ አሉ። ሣጥኑን መሀል ላይ ዝቅ አድርጎ ያንጠለጠለ ሰው ወይ የተሳፋሪ ጉልበት ይሰብራል፣ ወይ ቀዩን ዘንግ ወደፊት መግፋት ያቅተዋል።

ስለዚህ ልጁ ከካርቶን ጀመረ። የቢራ ካርቶን ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በናስትሮ ከዳሽቦርዱ ሥር ከመሪው በስተቀኝ ለጠፈው። እኔን አስቀመጠኝ። ፍሪሲዮን ርገጥ አለኝ። ማርሽ ሁሉንም አስገባ አለኝ። መሪውን ጥግ ድረስ አዙር አለኝ። ካርቶኑ ጉልበቴን ሲነካ አውርዶ ጣት የሚያህል ቆረጠለት። በመጨረሻ ጌጆቹ ወደ ሾፌሩ ትንሽ ዘንበል እንዲሉ አደረገ። ቀጥ ብለው ቢቆሙ ግማሹን ቁጥር መሪው ይሸፍነው ነበር። ካርቶኑን ላሜራው ላይ አስቀምጦ በእርሳስ አዞረበትና ቆረጠ።

ማሠሪያው ነው የወደድኩት። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የዕቃ መደርደሪያ የታሠረባቸው ብሎኖች አሉ። ልጁ ከነሱ ሁለቱን ፈታ። ጥርሳቸው ተመሳሳይ፣ ቁመታቸው ግን ትንሽ ረዘም ያሉ ሌሎች አመጣ። በላሜራውና በመደርደሪያው መሀል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ አስገባና በነሱ ላይ አንጠለጠለው። ጎማው ሁለት ሥራ ይሠራል። ቀለም አይፋቅም፣ ንዝረቱም ጌጁ ላይ አይደርስም። የድሮዎቹን ብሎኖች በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ነገ ሣጥኑን ላውርድ ብል ካቻቢቴ ይበቃኛል፣ ማንም እዚያ ነገር እንደነበረ አያውቅም።

ሽቦውንም እንደዚሁ። ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ ለማሳለፍ አዲስ ቀዳዳ አልበሳም። ብረቱ ላይ የፋብሪካ ሽቦ የሚያልፍበት ባለ ጎማ ቀዳዳ አለ። በዚያው አብሮ አሳለፈው። ጎማው ከሌለ የብረቱ ጠርዝ ሽቦውን ቀስ በቀስ ይልጠውና አንድ ቀን ጭስ ታያላችሁ። ኤሌክትሪኩን የወሰደው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚበራ መስመር ነው፣ በመሀል ትንሽ ፊውዝ አለ። ቅድም ካልኩት 10 ቮልት ከሚሰጠው ዕቃ አልወሰደም። አዲስ ጌጅ 12 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ከዚያ ከወሰደ አሳንሶ ያነባል።

አሁን ስለ ጌጆቹ። የቻይና ሥሪት ናቸው፤ ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና ቮልት። ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። የዘይቱን በቱቦ የሚሠራ ላምጣልህ ብሎኝ የነበረ ነጋዴ አለ። እውነት ነው፣ በቱቦ የሚሠራው ቀላልና ታማኝ ነው። ግን የሞተሩን ትኩስ ዘይት በቀጭን ቱቦ እግራችሁ ላይ ያመጣዋል። ቱቦው የተሰነጠቀ ዕለት ሱሪም እግርም ይቃጠላል፣ ሞተሩም ዘይቱን እዚያው ያፈሳል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሲበላሽ ጌጁ ብቻ ነው የሚሞተው።

ሴንሰሩን፣ ሞተሩ ላይ ተጠምዶ ለጌጁ የሚነግረውን ዕቃ፣ ከጌጁ ጋር አብራችሁ ግዙ። ይሄን ሁለት ጊዜ እላለሁ፤ አብራችሁ ግዙ። ቪዲኦ (VDO) የሚባለው ፋብሪካ እንደሚሠራቸው ያሉ የአውሮፓ የዘይት ሴንሰሮች ግፊት ሲጨምር ከ10 ወደ 180 ኦም (ኤሌክትሪክን የመቃወም መለኪያ ነው) ይሄዳሉ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዓይነት ደግሞ ከ240 ጀምረው ወደ 33 ይወርዳሉ። አንዱን ካንዱ ካዳቀላችሁት ጌጁ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሻጩ «ጥርሱ ገብቷል፣ ይሠራል» ይላችኋል። ጥርስ መግባት ሌላ፣ እውነት መናገር ሌላ።

የእኔ ስብስብ ባለ 10–180 ነው። የዘይቱን ሴንሰር ሲገጥም ልጁ የድሮውን የአምፖል ሴንሰር አልጣለም። ሁለቱንም የሚይዝ የነሐስ መገናኛ አስገባ፣ በአንድ በኩል የአምፖሉ፣ በሌላ በኩል የጌጁ። አምፖሉ አሁንም ይሠራል። ጌጅ ሲኖር አምፖሉን የሚነቅል ሰው አለ፣ አይገባኝም። ዳገት ላይ ዓይናችሁ መንገድ ላይ ነው፣ የበራ አምፖል ግን ሳታዩት ያያችኋል።

ለሙቀቱ የፋብሪካውን ሴንሰር አልነካንም። የላይኛው የራዲያተር ጎማ መሀል ላይ የሚገባ አጭር የአሉሚኒየም ቱቦ አለ፣ ሴንሰሩ እሱ ላይ ይጠመዳል። ጎማው ተቆርጦ ቱቦው ይገባና በሁለት ማጥበቂያ ይታሠራል። የሚቆረጠው ጎማ ነው፣ ጎማ ይገዛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ግራውንዱን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን መመለሻ፣ የሚያገኘው ከተጠመደበት ብረት ነው። ያ ቱቦ ግን በሁለቱም በኩል ጎማ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ከሞተሩ ጋር አይገናኝም። ለብቻው የግራውንድ ሽቦ ከሞተሩ ብረት ካልተሳበለት ጌጁ ቀስቱን ቀዝቃዛ ላይ ተክሎ ይቀመጣል። ይባስ ብሎ ሽቦው ኖሮ ቢዝግ ጌጁ አይሞትም፣ ይዋሻል። የሙቀት ሴንሰር ሲሞቅ ኦሙ ይቀንሳል። ዝገት ደግሞ ኦም ይጨምራል። ስለዚህ 95 ዲግሪ የደረሰው ሞተር 80 ነኝ ይላል። የዘይቱ በዚህኛው ዓይነት ተቃራኒ ነው፣ ኦም ሲጨምር ግፊቱ ከፍ ያለ ይመስላል። አስተውሉ፤ ግራውንድ ሲበላሽ ሁለቱም የሚዋሹት እናንተን ደስ በሚያሰኝ በኩል ነው። ሙቀት የለም፣ ዘይት ሞልቷል። እንደ አሽቃባጭ ሠራተኛ።

ለዚህ ነው ሴንሰር ጥርስ ላይ ነጩን የውሃ ቧንቧ ቴፕ አብዝቶ የሚጠቀልል ባለሙያ የማልወደው። ቴፑ ብረት ከብረት እንዳይነካካ ያደርጋል። የጠባሴው ልጅ ከሞተሩ ብረት ወደ ቱቦው ወፍራም ሽቦ ሳበ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ካጸዳ በኋላ አሠረው። ላዩን ግሪስ ቀባው። እኔ ብሆን ለዚህች ብቻ እከፍለው ነበር።

ቮልት ጌጁ ነው ሰነፉ። ሞተር ጠፍቶ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ገደማ ይላል። ዲናሞው ሲሞላ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። መልቲሜትር ባትሪው ላይ ሲያሳይ ይሄ ጌጅ ሁልጊዜ ትንሽ ዝቅ ይላል። ልጁ ለብቻው መስመር ሲስብለት ተሻሻለ እንጂ አልዳነም። እኔ ግን አልጣልኩትም። ትክክለኛ ቁጥሩን ሳይሆን መውረዱን ነው የማየው። ቺንጊያ ሲላላ ከማንም ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። በቮልት ፈንታ አምፔር ጌጅ ግዛ የሚል ካለ ግን እሺ አትበሉት። የአምፔር ጌጅ የመኪናውን ኤሌክትሪክ በወፍራም ሽቦ ዳሽቦርድ ሥር አዙሮ ያመጣል። ያ ሽቦ የተላጠ ዕለት የሚነደው መኪናው ነው።

ከነዚህ ሌላ አራተኛ ሊሸጡልኝ የፈለጉት የቫኪዩም ጌጅ ነበር፤ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ ማለት ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ የቤንዚን ሞተርን የውስጥ ሕመም ይናገራል። ግን አረንጓዴው መስመር የተሣለው ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። እዚያ ጤነኛ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ከ18 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) ያሳያል። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ወደ አንድ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ስለዚህ ዘጠኝ ያህል ከመነሻው ተቆርጧል። እዚህ 11 ያሳየ ሞተር ደህና ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ቀስቱን ቀዩ ላይ ሲያይ ባልቦላ ሊያስከፍት ይሮጣል።

የሙቀቱም ጌጅ እንዲሁ የሌላ አገር ሰው ነው። ቀዩ የሚጀምረው 110 ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ክዳን በሌለው ድስት ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ጣርማበር ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። ሞተሩን የሚያተርፈው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በያዘው በእያንዳንዱ ፒኤስአይ የመፍያውን ነጥብ ወደ አንድ ዲግሪ ተኩል ይጨምራል። ክዳኑ ጎማው ካለቀ ግን ቀስቱ ገና ቀዩ ጋ ሳይደርስ ውሃው ይገነፍላል። ውሃው ካለቀ ደግሞ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ቀስቱ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። በዳገት መሀል ቀስቱ በድንገት ከወረደ እልል አትበሉ፣ ቁሙ። እኔ የባለቤቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስጄ መስታወቱ ላይ 95 ጋ ነጥብ አድርጌበታለሁ። የእኔ ቀይ እዚያ ነው። ባለቤቴ ጠርሙሱ የት እንደገባ ጠይቃኛለች።

መብራቱ አሁንም አልተፈታም። ጌጆቹ ሰማያዊ ኤልኢዲ ናቸው፣ የሚቀንሱበት መንገድ የለም። ዋሻው ውስጥ ስገባ የፊት መብራት አበራለሁ፣ አብረው ይበራሉ። ከዋሻው ስወጣ ጉም ከሆነ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ጉም ነው፣ ሦስት ሰማያዊ ክብ የፊት መስታወቱ ላይ ተንሳፎ አያለሁ። ጭላዳ መንገድ ቢያቋርጥ መጀመሪያ የማየው ቮልቴን ነው። ልጁ ከላይ ትንሽ የላሜራ ጥላ ጨመረልኝ፣ ግማሹን ቀነሰ። ቀሪውን እኔ ቡናማ ፕላስቲክ ከውስጥ አስገብቼ አደብዝዤዋለሁ። ገንዘብ ቢኖረኝ በተራ አምፖል የሚበራ እገዛ ነበር፣ እሱ በመቀነሻ ይታዘዛል።

ዋጋውን ልንገራችሁ፤ ጌጆቹ፣ መገናኛው፣ ቱቦውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ከአንድ አዲስ ጎማ በታች ነው የወጣው። የልጁ ድክመት ቀጠሮ ነው። «ነገ» ሲል ከነገ ወዲያ ነው፣ «ከሰዓት» ሲል ነገ ነው። የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ አትሂዱ፣ ቤቱ በባጃጅ ይሞላል። ሥራውን ሲጀምር ግን ቁሙና እዩት፣ ሲጠየቅ አይከፋውም።

ላንድክሩዘር 40 ያላችሁ ደግሞ ሣጥኑን ከማሠራታችሁ በፊት ዳሽቦርዳችሁን እዩ። ቶዮታ የዘይትና የኤሌክትሪክ ጌጅ ከፋብሪካ አስገብቶላችኋል፣ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ በቁጥር የሚናገር የሙቀት ጌጅ ብቻ ነው። የናፍጣ ከሆነ ኮፈኑን ከፍታችሁ ባትሪውን ቁጠሩ። አንዳንዶቹ 24 ቮልት ናቸው፣ የእኔ ዓይነት ጌጅ እዚያ ላይ ቢገጠም ገና ቁልፍ ሲዞር ይቃጠላል።